ሳይቃጠል በቅጠል፦ ልጆቻችንና እሳት

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ሳምንት ለወላጆች በተዘጋጀው ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለው በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ማኅበሩ ታሪክ ነው። ያንን ከእኛ የበለጠ የሚያውቁት ታላላቆቻችን በሚገባ ተናግረውታል። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ እኛን፣ እዚህ ናይሮቢ ውስጥ በሱቅ ንግድ የምንተዳደረውን፣ «ስለ ልጆች አስተዳደግ አንድ ነገር ተናገሩ» ሲለን በመጀመሪያ ተጨንቀን ነበር። እኛ ሐኪሞችም አስተማሪዎችም አይደለንም። በኋላ ግን ከሱቃችን መደርደሪያ ላይ የምናውቀውን ነገር መረጥን። እሱም ክብሪት ነው። ክብሪት፣ ላይተር፣ ሻማ፣ ከሰል፣ ዕጣንና ላምባ ስንሸጥ ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ ማን እንደሚገዛና በማን እጅ እንደሚገባም እናያለን።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንስማማ። ልጅ እሳት ይወዳል። ከረሜላ ሊገዛ የመጣ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ከረሜላውን እስክናወርድለት ድረስ እጁ የሚያርፈው ላይተሩ ላይ ነው። ላይተሩ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም መብራት አለው፤ ለሚያየው መጫወቻ ይመስላል። ሻማ ሲበራ ዓይኑን የማይተክል፣ ከሰል ሲያያዝ «እኔ ላራግብ» ብሎ የማይለምን ልጅ ማን ቤት አለ? ይህ ነገር ከብልግና የመጣ አይደለም። እሳት ይንቀሳቀሳል፣ ይሞቃል፣ ቀለሙን ይለዋውጣል፣ የነካውን ሁሉ ወደ ሌላ ነገር ይቀይራል። በዚያ ላይ አዋቂ ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ልጁ ግን ይከለከላል። ለልጅ ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ነገር ከየት ይመጣል?

እኛ ዛሬ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የምንገኘው ሰዎች ያደግንበትን ቤት እናስታውስ። ብዙዎቻችን ያደግነው ጉልቻ አጠገብ ነው። ማታ የምናጠናው በኩራዝ ወይም በፋኖስ ነበር። ክብሪት ሲያልቅ እናቶቻችን ገል ያስይዙንና «ከነእገሌ ቤት እሳት ጭረህ ና» ብለው ይልኩን ነበር። ፍሙን ንፋስ እንዳያጠፋው፣ ፍንጣሪውም ልብሳችንን እንዳይነካው እየተጠነቀቅን፣ ሳንሮጥ፣ ግን ሳንዘገይ እንመለሳለን። ማታ ፍሙን በአመድ ማዳፈን፣ ጠዋት ረመጡን ገልጦ ማቀጣጠል የየዕለት ሥራ ነበር። በቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ ችቦ ይዘን ወጥተናል። መስከረም 16 ቀን በደመራው ዙሪያ ዞረናል። ችቦውን ስንይዝ ግን ብቻችንን አልነበርንም። አባትም፣ አጎትም፣ ጎረቤትም አጠገባችን ቆሞ «ዝቅ አታድርገው፣ ወደ ሰው አታዙረው» ይለን ነበር።

ይህን ስንል በዚያ ዘመን አደጋ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ምጣድ ላይ የወደቀ፣ የፈላ ውኃ የተደፋበት፣ ጠባሳውን ይዞ ያደገ ልጅ በየሠፈሩ ነበር። የምንለው ሌላ ነገር ነው። እሳት ለእኛ ምሥጢር አልነበረም፤ ሥራ ነበር።

ይህ የእኛ የሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሰውን ልጅ ባህል የሚያጠኑት ዳንኤል ፌስለር የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥተዋል። በልዩ ልዩ ሕዝቦች መካከል ኖረው ጥናት ያደረጉ ባለሙያዎችን ጠይቀው የደረሱበት ነገር እንዲህ የሚል ነው። እሳት የዘወትር መሣሪያ በሆነበት ኅብረተሰብ ልጆች ከትንሽነታቸው ጀምሮ እሳትን እያዩና እየነካኩ ያድጋሉ፤ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸውም አያያዙን ይችሉታል። ከዚያ በኋላ እሳት እንደ መጥረጊያና እንደ እንስራ ተራ ዕቃ ይሆንባቸዋል፤ ጉጉቱ ይቀንሳል። እሳትን የመልመድ ዕድል በማያገኙ የከተማ ልጆች ላይ ግን ጉጉቱ ሳይጠፋ እስከ ጉርምስና፣ አልፎም እስከ አዋቂነት ይዘልቃል። ይህን ስናነብ ገሉ ትዝ አለን።

ታዲያ የእኛ ልጆች በየትኛው ወገን ናቸው? ብዙዎቹ የሚያድጉት በአፓርታማ ውስጥ ነው። እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፤ ወጡ በጋዝ ምድጃ ይሠራል። ልጁ ነበልባል ቀርቦ የሚያየው ቡና ሲፈላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደመራ ሲለኮስ፣ ደግሞም በልደቱ ቀን ኬኩ ላይ ነው። ቃሉ ራሱ ያምታታዋል። እኛ አገር ቤት «ጋዝ» ስንል ላምባውን ማለታችን ነበር፤ እዚህ ደግሞ «ጋዝ» የምንለው ሲሊንደሩን ነው። ላምባው በስዋሂሊ «ማፉታ ያ ታ» ይባላል፤ የመብራት ዘይት ማለት ነው። ልጁ ሦስት ቋንቋ እየሰማ የትኛው እንደሚነድ፣ የትኛው እንደሚፈነዳ፣ የትኛው እንደማይጠጣ የነገረው ሰው ላይኖር ይችላል። ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ ገዝተን ወጥ ቤት ጥግ ስናስቀምጥም ሌላ አደጋ እንጨምርበታለን። ልጅ ላምባ ቢጠጣ እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባልና። ቶሎ ወደ ሐኪም መውሰድ ብቻ ነው።

ልጁን ከእሳት ለማራቅ የምንጠቀምባቸው ዘዴዎች ደግሞ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ማስፈራራት ነው። «በእሳት የተጫወተ ልጅ ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል» እየተባልን ያደግን ብዙ ነን። ልጁ አንድ ቀን ክብሪት ጭሮ ሳይሸና ሲያድር የነገርነው ነገር እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። ችግሩ በዚህ አያበቃም፤ ከዚያ በኋላ እውነቱን ስንነግረውም አያምነንም። ሁለተኛው ዱላ ነው። ሦስተኛው፣ ዛሬም ፈጽሞ ያልጠፋው፣ በበርበሬ ማጠን ወይም እጁን ወደ ፍም አስጠግቶ «ቅመሰው» ማለት ነው። ይህ የማስተማሪያ መንገድ አይደለም፤ ልጅን መጉዳት ነው። የምንኖርበት አገር ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ማንም ሰው በአካል ቅጣት እንዳይቀጣ ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ዱላ በእሳት ጉዳይ ላይ ምን እንደሚያመጣ ከዚሁ ከመካከላችን የሆነ ነገር እንንገራችሁ። ቤተሰቡ እንድንናገረው ፈቅዶልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። ክብሪት ሲጭር ተገኝቶ አባቱ በቀበቶ ገረፈው። ሳምንት ሳይሞላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እናቱ ልብስ ስታጥብ ለዕጣን ማያያዣ የተቀመጠውን ላይተር ወሰደ። በዚህ ጊዜ ግን ማንም እንዳያየው አልጋ ሥር ገባ። ሶፍት አቀጣጠለ፤ እሳቱ ወደ ታች የተንጠለጠለውን አንሶላ ያዘ። እናትየው ጭሱ ሸቷት ሮጣ ስትደርስ ፍራሹ መጨስ ጀምሯል። ጮኸች፣ ጎረቤት መጣ፣ ውኃ ደፍተው አጠፉት። እሳቱ ትንሽ ነበር። ልጁ ግን የለም። በደረጃው፣ በግቢው፣ በዘበኛው ቤት ፈለጉት፤ ስሙን እየጠሩ ዞሩ። በመጨረሻ የተገኘው እዚያው ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከተሰቀሉት ልብሶች ጀርባ ነው። እያሳለ ነበር። «ስንጠራህ ለምን ዝም አልክ?» ቢሉት «አባዬ እንዳይገርፈኝ» አለ።

ወገኖቻችን፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ያ ልጅ እሳቱን ፈርቶ አልተደበቀም። የተደበቀው አባቱን ፈርቶ ነው። የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ቤት ሲቃጠል ትናንሽ ልጆች ወደ ውጭ ከመሮጥ ይልቅ አልጋ ሥርና ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ስማቸው ሲጠራም አይመልሱም። ያን ዕለት እሳቱ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ታሪክ ነበር። ስለዚህ ልጅ ከእሳት የበለጠ እኛን የሚፈራ ከሆነ በዱላችን ያጠፋነው ጉጉቱን ሳይሆን መውጫውን ነው።

አባትየው ከዚያ በኋላ ያደረገውን መንገርም ይገባል። ላይተርና ክብሪቱን ሁሉ ሰብስቦ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። ልጁን ደግሞ አስቀምጦ «ካሁን በኋላ እሑድ እሑድ የዕጣኑን ከሰል የምናያይዘው አንተና እኔ ነን፤ ከእኔ ጋር ካልሆነ ግን የለም» አለው። አጠገባቸው ውኃ በባልዲ ያስቀምጣሉ፣ የልጁን እጅጌ ይሰበስባሉ፣ ክብሪቱን ከሰውነት ወደ ውጭ ይጭራሉ፣ የጠፋውን እንጨት ውኃ ውስጥ ይነክራሉ። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሑድ እስኪደርስ አይችልም ነበር። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ አንድ እሑድ «አባዬ፣ ዛሬ አንተ ለኩሰው፤ እኔ ኳስ ልጫወት» ብሎ ወጣ። ምሁሩ የጻፉትን ነገር ልጁ በራሱ ቋንቋ ነገራቸው።

ይህን ስናወራ የማይስማሙ ወላጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ ሐሳባቸውም የሚናቅ አይደለም። አንዳንድ እናቶቻችን «በእኛ ጊዜ አንዴ ያቃጠለው ሁለተኛ አይነካም፤ እሳቱ ራሱ ያስተምረዋል» ይላሉ። እሳት ግን መጥኖ አያስተምርም። ጣት ብቻ አቃጥሎ የሚተወውን እሳትና ፊት የሚያበላሸውን እሳት አስቀድሞ የሚለይ ሰው የለም። የልጅ ቆዳ ደግሞ ከአዋቂው ስስ ስለሆነ ቶሎና በጥልቀት ይቃጠላል። አንድ አባት በበኩላቸው «ለልጅ ክብሪት ማስያዝ ለሌባ ቁልፍ እንደ መስጠት ነው» ብለውናል። ለእሳቸው የሰጠነው መልስ ይህ ነው፦ ቁልፉ ከእኛ እጅ አይወጣም። ማስተማሩ ቆልፎ ማስቀመጡን አይተካም፤ ሁለቱም ይደረጋሉ። የተቆለፈበትና ያልተማረ ልጅ በጎረቤት ቤት ክብሪት ያገኛል። የተማረና ያልተቆለፈበት ልጅም ልጅ ነውና ይረሳል።

እንግዲህ በየዕድሜው ምን ይደረግ? ከወላጆችም ከሐኪሞችም የሰማነውን አሳጥረን እናቅርብ።

ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ትምህርት ሳይሆን መከለያ ነው የሚያስፈልገው። በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚያቃጥለው ነበልባል ሳይሆን የሚፈላ ፈሳሽ ነው። ቡናችንን ደግሞ ወለል ላይ፣ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ከሰሉንና ጀበናውን በሕፃኑ ቁመት ልክ አድርገን እናፈላለን። ባህላችንን አንተውም፤ ግን ቡና ሲፈላ ሕፃኑን የሚይዝ አንድ ሰው በስም ይመደብ። «ሁላችንም እናየዋለን» ሲባል ማንም አያየውም። በሰኔና በሐምሌ የናይሮቢ ብርድ ሲበረታም ቡና የፈላበትን ፍም ልጆች የሚተኙበት ክፍል አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ይቅር። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለው ልጅ አንድ ነገር በሚገባ ሊማር ይችላል፦ «ክብሪት ወይም ላይተር ወድቆ ካየህ አትንካው፤ መጥተህ ንገረኝ።» መጥቶ ሲነግረን ሥራችንን ትተን ማመስገን አለብን። «ለምን እዚያ ሄድክ?» ብለን ከጀመርን ሁለተኛ አይነግረንም። ላይተር ሻጮች እንደ መሆናችንም አንድ ነገር እንንገራችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1994፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ላይተር ልጅ በቀላሉ እንዳይጭረው ሆኖ እንዲሠራ ግዴታ ነው። ያም ቢሆን ልጁን ያዘገየዋል እንጂ አያግደውም። እኛ ከጅምላ የምናመጣው ርካሹ ላይተር ደግሞ ያንን እንኳ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ በላይተሩ አትተማመኑ፤ ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት።

ከስድስት ዓመት ጀምሮ ቀደም ብለን እንደተናገርነው ልጁ ከእኛ ጋር ይለኩስ። ነገር ግን ከመለኮስ በፊት ማጥፋት ይማር። የልደት ሻማ «እፍ» ብሎ ማጥፋት ሁሉም ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈ ግን አናስተምረውም። ድስት ውስጥ ዘይት ቢነድ ውኃ እንደማይደፋበት፣ ምድጃው ተዘግቶ በክዳን እንደሚታፈን ይወቅ፤ ይህንንም አዋቂ እንዲያደርገው ይጥራ እንጂ እሱ አይሞክረው። ልብሱ ቢያያዝ እንዳይሮጥ፣ ባለበት ቆሞ፣ ወድቆ እንዲንከባለል በጨዋታ መልክ እናለማምደው። ለሴቶች ልጆቻችን የነጠላውን ጫፍ ሰብስቦ ማሰርን፣ ጸጉርን ወደ ኋላ መያዝን እናስተምር።

አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ የጋዝ ሲሊንደሩን ጠባይ ይወቅ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው የተጨመረበት መፍሰሱን እንድናውቅ ነው። ሲሸት መብራት አይበራም፣ አይጠፋም፣ ክብሪት አይጫርም፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ጥር 2024 አልቆ የካቲት በገባበት የመጀመሪያው ቀን ሌሊት በዚሁ በናይሮቢ፣ በኤምባካሲ፣ ጋዝ የጫነ መኪና ፈንድቶ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎች ቆስለዋል፣ ቤቶች ነድደዋል። ከዚያ ወዲህ ልጆቻችን ይጠይቁናል። ሲጠይቁን «ዝም በል» አንበላቸው፤ የመማሪያው ጊዜ ያ ነው።

ደግሞም ከጉጉት ያለፈ ነገር አለ። አንድ ልጅ ብዙ ጊዜ ተመክሮም በድብቅ ደጋግሞ የሚለኩስ ከሆነ፣ ሲናደድ ወይም ሲያዝን ወደ እሳት የሚሄድ ከሆነ፣ የሰው ንብረት ሆን ብሎ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ልቡ ውስጥ ያልነገረን ነገር አለ ማለት ነው። ከመካከላችን ጦርነትና ስደት ያዩ ልጆች እንዳሉም አንርሳ። እንዲህ ያለውን ነገር በቤት ውስጥ ሸሽጎ መያዝ አይገባም፤ ለሐኪም ወይም ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ማሳየት ነውር አይደለም።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበንን ነገር እንናገር። ብዙዎቻችን ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ፣ ወይም ለግማሽ ሰዓት ብለን ወደ ገበያ ስንሄድ፣ ልጆቹን ቤት ትተን የብረቱን በር ከውጭ በጓጉንቸር እንቆልፋለን። የምንቆልፈው ሌባ ፈርተን ነው፤ ምክንያቱን እናውቃለን። መስኮቱም ሁሉ ፍርግርግ ብረት አለው። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ክብሪት ያገኘ ልጅ በየት በኩል ይውጣ?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 በዚህ አገር፣ በማቻኮስ አካባቢ፣ ክያንጉሊ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መኝታ ቤት ሌሊት ተቃጥሎ 67 ወንድ ልጆች ሞቱ። እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነበር፤ የተከሰሱትም ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ያን ያህል ልጅ የሞተው በእሳቱ ብቻ አይደለም። ከሁለቱ በሮች አንደኛው ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም ብረት ነበራቸው። ከዚያ በኋላ 23 ዓመት አልፎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በኒዬሪ፣ ሂልሳይድ ኢንዳራሻ በተባለው ትምህርት ቤት መኝታ ቤት ተቃጥሎ 21 ልጆች አለቁ። ከመካከላችን ልጆቹን አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባ ወላጅ ስለ ምግቡና ስለ ክፍያው ይጠይቃል። ከዛሬ ጀምሮ «መኝታ ቤቱ ስንት በር አለው? ሌሊት ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? መስኮቱ ከውስጥ ይከፈታል ወይ?» ብለንም እንጠይቅ። በቤታችንም ቁልፉ ከውስጥ፣ ትልቁ ልጅ በሚያውቀው ቦታ ይሰቀል፤ ትንንሾቹም ብቻቸውን አይተው። ጭስ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ መውጣትን፣ ከወጡ በኋላ ለመጫወቻም ለጫማም እንዳይመለሱ፣ ደጅ የሚገናኙበትን አንድ ቦታ፣ እንዲሁም በዚህ አገር የሚደወለው 999 ወይም 112 መሆኑን ሁሉም ይወቅ።

ምናልባት አደጋው ከደረሰ ደግሞ በቃጠሎው ላይ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም የቡና ዱቄት መቀባት ይቅር። ይህ ሁሉ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፤ ቁስሉንም ያበላሻል። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ ያህል። በረዶ አይደረግም። ከቆዳው ጋር ያልተጣበቀ ልብስና ጌጥ ይወልቃል፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በተለይ ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ፣ ወይም ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ አንድ ሰዓት አይጠበቅም። በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለ። በከተማችን ቧንቧ በተራ እንደሚመጣም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ምንጊዜም ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ። ያ ውኃ ለሳህን ማጠቢያ አይነካ።

ንግግራችንን በሦስት ሐሳቦች እንቋጭ።

አንደኛ፣ እኛ ባለሱቆች ተነጋግረን ቃል ገብተናል። ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን መጥቶ ክብሪት፣ ላይተር ወይም ላምባ ቢጠይቀን አንሸጥለትም። እናቱ ልካው ቢሆንም በስልክ ትንገረን፤ ዕቃውን እኛ እናደርሳለን። ልጁን ባዶ እጁን ብንመልስ አትቀየሙን። የምናጣው ጥቂት ሽልንግ ነው።

ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ለሐዘንም ለደስታም መረዳዳት ያውቅበታል። ዕቁብ እንጥላለን፣ ዕድር አለን። በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ መንደር የምንኖር ቤተሰቦች ልጆችን በተራ የመጠበቅ ነገር እንጀምር፤ ጓጉንቸሩን የሚተካው ይህ ብቻ ነውና። ዛሬ የእኔ ተራ፣ ነገ የአንቺ ብሎ መነጋገር ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ለሚመጣው ደመራ ልጆቻችንን ከኋላ አናቁማቸው። በሩን ለሁሉም ክፍት እናድርግና፣ ከፈለጉ የሙስሊም ወገኖቻችን ልጆችም ይምጡ፤ ከደመራው በፊት አንድ ሰዓት ወስደን፣ ውኃና አሸዋ አቅርበን፣ እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ጋር አንድ ትንሽ ችቦ ይዞ መለኮስና ማጥፋት ይማር። እኛ ችቦውንና ባልዲውን እናቀርባለን፤ የምንጠይቀው ወላጆች ራሳችሁ እንድትመጡ ነው። ሠራተኛ ወይም ታላቅ ወንድም አትላኩ። ልጁ እሳቱን ሲያይ አጠገቡ የሚያገኘው የአባቱን ወይም የእናቱን እጅ ይሁን።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉ በእጃችን ሳለ እንጠቀምበት። በዚህ ማኅበር ውስጥ ያደጉ ልጆች ዛሬ የልጆች አባትና እናት ሆነው ከፊታችን ተቀምጠዋል፤ የዛሬዎቹም እንዲሁ በደኅና አድገው የሚቀጥለውን ኢዮቤልዩ እንዲያከብሩ ፈጣሪ ይርዳን።